የ16 ሚሊሜትር ፊልምን ሳይጎዱ ማሳየት

ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 ለሕዝብ ያቀረቡትን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የቀረጹት በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ነበር። በዚያ ዘመን በፊልም ላይ የታተሙ ቅጂዎች ዛሬም ከመጋዘን ወጥተው በየአዳራሹ ይታያሉ። አብዛኛውን ጊዜ ቅጂውን የሚጎዳው መታየቱ አይደለም፤ ጉዳቱ የሚመጣው ከአሳዪው እጅና ካልተጸዳ ፕሮጀክተር ነው። አንድ ጊዜ የተጫረ ፊልም ደግሞ ጭረቱን ይዞ ይኖራል። ቅጂ ሲረከቡ አደራ መቀበልዎ ነውና እንደመጣ መመለስ አለበት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች፦ ሁለት የእጅ መጠቅለያ፣ የፊልም መቀጠያ ከነግልጽ ፕላስተሩ፣ 99 በመቶ አልኮል፣ ጥጥ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ቀጭን የጥጥ ጓንት፣ ደብተርና እርሳስ።

1. ቆርቆሮውን ለመክፈት አይቸኩሉ

ፊልሙ ከቀዝቃዛ መጋዘን ከመጣ፣ ቆርቆሮው እንደተዘጋ በሚታይበት ክፍል ያሳድሩት። አለዚያ የክፍሉ አየር እርጥበት ጤዛ ሆኖ ያርፍበታል። ሲከፍቱት አስቀድመው ያሽቱት። አቸቶ አቸቶ ካለ፣ ፊልሙ የተሠራበት አሲቴት መበላሸት ጀምሯል። ትነቱ አጠገቡ ያሉትንም ስለሚያበላሽ ለብቻው ያርቁት። ፊልሙ ከተኮማተረ በጠርዙ ያሉት ቀዳዳዎች ከፕሮጀክተሩ ጥርሶች ጋር አይገጥሙም፤ እንዲህ ያለውን ጨርሶ አያሳዩ።

2. በጣትዎ ይመርምሩት

እጅዎን ታጥበው በደንብ ያድርቁ፣ ጓንቱንም ያጥልቁ። የ16 ሚሊሜትር ፊልም ምስል ስፋቱ 10 ሚሊሜትር ገደማ ነው። 3 ሜትር ስክሪን ላይ ሲያርፍ 300 ጊዜ ያህል ይገዝፋል፤ ሩብ ሚሊሜትር የማይሞላ አቧራ ስክሪኑ ላይ ከጣት ይበልጣል። ስለዚህ ፊልሙን በጠርዙ ብቻ ይያዙ። መጠቅለያውን በዝግታ እያዞሩ ጠርዙን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ያሳልፉት። የተቀደደ ቀዳዳ ወይም የለቀቀ መጋጠሚያ ሲመጣ ጣትዎ ያገኘዋል። እዚያው ያቁሙና በፊልም ፕላስተር ይጠግኑት። የቢሮ ፕላስተር ሙጫው እየቀለጠ ንብርብሮቹን ስለሚያጣብቅ ፊልም ላይ አያድርጉ።

ጥቅሉ የላላ ቢመስልዎ ጫፉን ይዘው አይሳቡ። እኔ ጀማሪ ሳለሁ አንዱን ጥቅል እንዲህ ስቤ አጠበቅሁት። በንብርብሮቹ መሀል የነበረው አቧራ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ፈተገው፤ በማግስቱ ስክሪኑ ላይ ዝናብ ሲዘንብ አመሸ። የላላ ጥቅል የሚድነው እንደገና በዝግታ ሲጠቀለል ብቻ ነው።

3. ፕሮጀክተሩን ያጽዱ

ፊልሙ የሚነካውን ቦታ ሁሉ፣ በተለይ ብርሃን የሚያልፍበትን መስኮት፣ መጀመሪያ በብሩሽ፣ ቀጥሎ አልኮል በነካ ጥጥ ይጥረጉ። የደረቀ የፊልም ልባስ ከተጣበቀ በብረት አይፋቁት፤ ብረት የጫረው መስኮት ከዚያ በኋላ የሚያልፍበትን ፊልም ሁሉ ይጭራል። በአልኮል ያርሱትና በመፋቂያ እንጨት ጫፍ ያንሱት። ከዚያ የማያሳዝን ቁራጭ ፊልም አሳልፈው በመብራት ይዩት። አዲስ መስመር ካለበት ጽዳቱ አልተጠናቀቀም።

4. ፊልሙን ያስገቡ

ድምፅ ያለው የ16 ሚሊሜትር ፊልም ቀዳዳ ያለው በአንድ ጠርዙ ብቻ ነው፤ በሌላው ጠርዝ የድምፁ መስመር ይሄዳል። በሁለቱም በኩል ጥርስ ባለው የድምፅ አልባ ፊልም ፕሮጀክተር ውስጥ ካስገቡት ጥርሱ ድምፁን ይበሳዋል።

ጥርሳሞቹ መዘውሮች ፊልሙን ያለማቋረጥ ይስባሉ። በመስኮቱ ውስጥ ግን ፊልሙ በሰከንድ 24 ጊዜ ቆም እያለ ይሄዳል። ይህን ልዩነት የሚችሉት ከመስኮቱ በላይና በታች የሚተዉት ሁለት ልል ቀለበቶች ናቸው። ቀለበቱ ካነሰ ፊልሙ ይቀደዳል፤ ከበዛ ከመኪናው አካል ጋር ይፋተጋል። ድምፁ ከምስሉ 26 ምስል ቀድሞ ስለታተመ፣ የታችኛው ቀለበት ልኩን ከሳተ የተዋናዩ ከንፈርና ቃሉ ይለያያሉ። ፕሮጀክተሩ ላይ ያለውን ምልክት ይከተሉ፤ ሞተሩን ከማስነሣትዎ በፊትም በእጅ ጥቂት ዙር አዙረው ይዩ።

5. አጠገቡ ይቀመጡ

መጀመሪያ ሞተሩን፣ ከዚያ መብራቱን ያብሩ። የ400 ጫማ ጥቅል 11 ደቂቃ፣ የ1,600 ጫማ ጥቅል 44 ደቂቃ ያህል ይሄዳል፤ ማኪያቶ ፍለጋ የሚወጣበት ጊዜ አይደለም። ጆሮዎ ከፕሮጀክተሩ አይራቅ። የለመዱት ድምፅ ከተለወጠ፣ ወይም ምስሉ ወደ ላይና ወደ ታች መዝለል ከጀመረ፣ ቀለበቱ ጠፍቷልና ወዲያው አቁመው ያስተካክሉ።

6. ቢበጠስ

መብራቱንና ሞተሩን ያጥፉ። ተመልካች እየጠበቀ ለመቀጠል አይሞክሩ። ፊልሙን እንደገና አስገብተው ጫፉን ተቀባዩ ጥቅል ላይ ደርበው ጥቂት ዙር ያዙሩት፣ የተበጠሰበት ላይ ቁራጭ ወረቀት ያስገቡና ይቀጥሉ። ጥገናው ሕዝቡ ከሄደ በኋላ፣ በጥሩ መብራት ይደረጋል።

7. ሲመልሱ

በዝግታ ጠቅልለው እንደገና ይመርምሩት። ቆርቆሮውን አጋድመው፣ ቀዝቀዝ ባለ ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተዉት። በመጨረሻም ያዩትን ጉዳት፣ በእርስዎ እጅ የደረሰውንም ጭምር፣ ከነደቂቃው ጽፈው ከፊልሙ ጋር ይላኩ። ወረቀቱን የሚያነበው ቀጣዩ አሳዪ፣ ጣቱን የት ላይ ማዘግየት እንዳለበት ያውቃል።