የመኪና ዝገትና የአየር ጠባይ

ዝገት ብረት ከአየርና ከውሃ ጋራ ሲገናኝ የሚደርስበት ጥፋት ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጐደለ ብረት አይዝግም፤ ጨው ሲጨመርበት ግን ዝገቱ ይፋጠናል። ስለዚህ በምጽዋና በፖርት ሱዳን የባሕሩ አየር ርጥብና ጨዋማ በመሆኑ መኪናን ፈጥኖ ይበላል፤ እንደ አስመራ ባለ ደጋ ግን አሮጌ መኪና ብዙ ዘመን ይቆያል።

ተከዜ ሰቲት ተብሎ ወደ ሱዳን በሚገባበት በሐምዳይት ነገሩ በሁለት ወቅት ይከፈላል። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለ ሆነ ባለመኪናው ከዝገት የዳነ ይመስለዋል። ዝናቡ ከሰኔ ጀምሮ ሲጥል ግን ጥቁሩ ጭቃ በፓራፋንጎው ውስጥና በሻንሲው ጥግ ተለጥፎ ርጥበቱን ለብዙ ቀን ይይዛል። መኪናው ከባሕር ዳርቻ የመጣ ከሆነ፣ በበጋ ተኝቶ የከረመው ጨው ያን ጊዜ ይነቃል።

ስለዚህ፦

1ኛ፤ መኪናው ከጭቃ በወጣ ቍጥር ከሥሩ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ በፀሐይ ይድረቅ፤ በበሮቹ ግርጌ ያሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎችም ይጠረጉ።

2ኛ፤ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ እስከ ንጹሑ ብረት ድረስ ተፍቆ የዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባ። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ፣ ሳይፋቅ የተቀባውን ቀለም ከሥር ገፍቶ ያነሣዋል።

3ኛ፤ ከሁሉ የሚበልጠው፣ የፍሬን ቱቦዎች ይመርመሩ። የዛገ በር መልክን ያበላሻል፤ የዛገ የፍሬን ቱቦ ግን ሲፈነዳ ሰው ይገድላል። እንዲህ ያለው ቱቦ ይለወጣል እንጂ አይቀባም።

ይህ ሁሉ ከሰኔ በፊት ቢፈጸም፣ መኪናው ሕመምተኛ ወይም እህል ጭኖ በዝገት ምክንያት በጭቃው መካከል የመቅረቱ ሥጋት ይቀንሳል።