ለጣና ጀልባ ነጂ የዘይት ምክር

ልጄ፣ ሞተሩን ገዝተሃል፤ መንገደኛም መጫን ጀምረሃል። ነፋሱን፣ ሞገዱን፣ ከዘጌ እስከ ደቅ ያለውን መንገድ የሚያስተምርህ አታጣም። ዘይቱን ግን ሁሉም «የተገኘውን አድርግበት» ብሎ ያልፈዋል። እኔ እንዲህ ብዬ ላልፍህ አልችልም። መኪና ሞተሩ ቢነክስ ተሳፋሪው ወርዶ ሌላ ይጠብቃል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በተነሣበት ሐይቅ መካከል የጀልባ ሞተር ሲቆም ግን ጀልባዋ ጎኗን ለሞገድ ትሰጣለች፤ የጫንሃቸው እናቶችና ሕፃናት የሚወርዱበት የላቸውም። ቁጥር እየሰጠሁ የምነግርህ አንዱንም እንዳትረሳው ነው።

1. ዘይቱ ምን እንደሚገጥመው ሳታውቅ ዘይት አትግዛ።

የቱ ስትሮክ ሞተር ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ይገባና ሥራውን ሠርቶ ይቃጠላል። የፎር ስትሮኩ ዘይት ኮፓ ውስጥ ተቀምጦ፣ እየተመላለሰ፣ እስክትቀይረው ድረስ ይሠራል። ከታች ከፕሮፔለሩ አጠገብ ያለው የማርሽ ዘይት እሳት አያይም፤ የማርሽ ጥርስ ግን ይጨፈልቀዋል፣ በእሱና በሐይቁ መካከል ያለውም አንድ ጎማ ብቻ ነው። ሦስቱ የሚደርስባቸው ነገር የተለያየ ስለሆነ አንዱ የሌላውን ቦታ አይሸፍንም። ይህን ካወቅህ በቆርቆሮው ላይ ያሉት ፊደሎች አያስቸግሩህም።

2. ለቱ ስትሮክ ሞተር «ቲሲ-ደብሊው 3» የሚል ያለበትን ብቻ ግዛ።

ይህ ደረጃ የአሜሪካ የጀልባና የጀልባ ሞተር አምራቾች ማኅበር ፈትኖ የሚሰጠው ነው። የሞተር ሳይክል ዘይት በየሱቁ ስላለና ዋጋውም ስለሚቀል እጅህ ወደዚያ መሄዱ አይቀርም፤ አትፍቀድለት። ሞተር ሳይክል በነፋስ ነው የሚቀዘቅዘው። ግለቱ ከፍ ስለሚል ጥላሸት እንዳይይዘው ዘይቱ ላይ ብረት ያለባቸው ቅመሞች ይጨመራሉ፤ እነዚያ ሲቃጠሉ አመድ ይተዋሉ። የጀልባ ሞተር ግን በሐይቅ ውሃ ይቀዘቅዛል፣ ለሰዓታትም በአንድ ጉልበት ይነዳል። አመዱ በካንዴላው ጫፍና በፒስቶኑ አናት ላይ ይጋገራል። የጋለው አመድ ካንዴላው ብልጭ ከማለቱ በፊት ቤንዚኑን ያቀጣጥለዋል፤ ፒስቶን ተበስቶ የምታየው እንዲህ ሲሆን ነው። ቲሲ-ደብሊው 3 አመድ እንዳይተው ሆኖ የተቀመመ ነው፤ ፋሻ እንዳያጣብቅና ብረት እንዳያዝግም ተፈትኗል።

3. መጠኑን በዓይን አትገምት።

የብዙዎቹ ቱ ስትሮኮች ልክ 50 ለ 1 ነው፦ ለ25 ሊትር ጀሪካን ግማሽ ሊትር፣ ለ10 ሊትር 200 ሚሊ ሊትር። አዲስ ሞተር ወይም ፒስቶንና ፋሻው የተለወጠለት ሞተር እስኪላመድ ድረስ እጥፉን፣ 25 ለ 1፣ እንዲወስድ ብዙዎቹ አምራቾች ያዝዛሉ፤ ስንት ሰዓት እንደሆነ የሞተርህን መጽሐፍ ተመልከት። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ በደንብ አድርቀህ መለኪያ አድርገው፤ ልጅ አንሥቶ እንዳይጠጣበት በላዩ ላይ «ዘይት» ብለህ በትልቁ ጻፍ። መጀመሪያ ጥቂት ቤንዚን፣ ከዚያ ዘይቱን አግባና ጀሪካኑን ናጠው፤ የቀረውን ቤንዚን በመጨረሻ ሙላ። ዘይቱን በመጨረሻ ብታፈስሰው ሳይዋሃድ ሊቀር ይችላል፤ ሞተሩ አንዴ ዘይት የበዛበት፣ አንዴ ያነሰው ቤንዚን ይጠጣል። ዘይቱን ከራሱ ማጠራቀሚያ በፖምፓ የሚወስድ ሞተር ከሆነ ግን ጀሪካኑ ውስጥ አትቀላቅል፤ ማጠራቀሚያውን ጠዋት ጠዋት እይለት።

4. ካንዴላው ጠቆረ ብለህ ዘይት አትቀንስ።

ይህን ጠበቅ አድርጌ የምነግርህ በዚህ ምክንያት ብዙ ሞተር ሲበላሽ ስላየሁ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ሞተሩ ግን ካርቡራተሩ በባሕር ዳርቻ አየር ልክ ተስተካክሎ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። ስለዚህ እዚህ ሲደርስ ለአየሩ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ይጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበቱም ይደክማል። ሰው ጥፋቱን ሁሉ በዘይቱ ያላክክና ግማሹን ይቀንሳል። ጭሱ ጥቂት ቀለል ሲል «አየህ!» ይላል። የኮሎው ኩሽኔታ ግን ከዚያ ዘይት በቀር ሌላ የሚያረጥበው የለውም፤ ቀን ቆጥሮ ይነክሳል።

መድኃኒቱ ሌላ ነው። በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን ቀዳዳ አምራቹ ለከፍታው ባዘዘው መጠን በጠበበች መለወጥ፣ ፕሮፔለሩንም ሞተሩ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ሊያሽከረክረው በሚችለው መቀየር። ይህን የሚሠራልህ ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ይሁን፤ ቀዳዳው ከልክ በላይ ከጠበበ ቤንዚኑ ያንስና ፒስቶኑ ይቃጠላል።

5. ለፎር ስትሮክ የመኪና ዘይት ይበቃል አትበል።

ደረጃው «ኤፍሲ-ደብሊው» ይባላል፤ ውፍረቱ በብዙዎቹ 10-ደብሊው-30 ወይም 10-ደብሊው-40 ነው። የጀልባ ፎር ስትሮክ ሙሉ ሲከፈት በደቂቃ ከ5,000 ዙር በላይ እየዞረ ብዙ ሰዓት ይሄዳል፤ መኪና እንዲህ የሚሠራበት ጊዜ ጥቂት ነው። በሌላ በኩል የሐይቁ ውሃ ስለሚያቀዘቅዘው፣ በተለይ ቀስ ብለህ ስትነዳ፣ ዘይቱ የገባበትን እርጥበትና ቤንዚን አትንኖ የሚያወጣበት ግለት ላይ አይደርስም። ለዚህ ነው የዝገት መከላከያው የተለየ የሆነው።

ዘይቱን ስትለካ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ጠፍቶም ጥቂት ደቂቃ ይቆይ። ከምልክቱ በታች ወርዶ ብታገኘው እንደምትደነግጥ፣ ሳትጨምርበት ከምልክቱ በላይ ወጥቶ ብታገኘውም ደንግጥ። መለኪያውን አሽትተው፤ ቤንዚን ቤንዚን ካለ ዘይቱ ቀጥኗል፣ መቀየር አለበት። ብዙ ጊዜ የዚህ መነሻ ተርሞስታቱ ነው። «ሞተሩ እንዳይግል» ብለው አውልቀው የሚጥሉት አሉ። ሞተሩ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ይኖርና ያልተቃጠለው ቤንዚን በፋሻው በኩል እየሾለከ ኮፓ ውስጥ ይወርዳል። ተርሞስታትህን አታስወልቅ፤ ከተበላሸ አዲስ አስገባ።

6. ሰዓት ጻፍ።

የሞተሩ መጽሐፍ መጀመሪያ በ20 ሰዓት፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንዴ ቀይር ይልህ ይሆናል። «በዓመት አንዴ» የሚለው ጀልባውን ለመዝናኛ ለሚያወጣ ሰው ነው። አንተ በቀን 5 ሰዓት ከነዳህ 100 ሰዓቱ በ20 ቀን ሞላ። ደብተር ይዘህ ማታ ማታ የነዳኸውን ሰዓት መዝግብ። ፊልትሮውንም ከዘይቱ ጋር ቀይር።

7. የማርሽ ዘይቱን ከታች ወደ ላይ ሙላ።

ከሁሉም ችላ የሚባለው ይህ ነው፤ ስለማይታይ። በመካከለኛ ሞተር ከግማሽ ሊትር አይበልጥም፤ የሞተሩ ጉልበት ሁሉ ግን በዚያች ጥቂት ዘይት ውስጥ ነው አልፎ ወደ ፕሮፔለር የሚደርሰው። መጽሐፉ የሚያዝዘው 90 ወይም 80-ደብሊው-90 ይሆናል፤ ጂኤል-4 ይሁን ጂኤል-5 የሞተርህን እይ፤ የጀልባ የሚል ጽሑፍ ያለበት ከተገኘ እሱን ምረጥ፣ ጥቂት ውሃ ቢገባ እንኳ ብረቱን እንዲጠብቅ ተደርጎ የተሠራ ነውና።

ስትቀይር ሞተሩን ቀጥ አድርገህ አቁመው፣ ከሥሩም ሳህን አድርግ። የታችኛውን ብሎን መጀመሪያ ፍታ፤ ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ገብቶ ከተቀመጠ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። ከዚያ የላይኛውን ፍታ። የወጣውን ዘይት ሳታየው አትጣል። ጥርት ያለ ከሆነ ደህና ነው። ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። በብሎኑ ማግኔት ላይ እንደ ቅባት የላመ ግራጫ ነገር ቢኖር የተለመደ የጥርስ ፍጪት ነው፤ በጣትህ የሚቆረቁር ፍንካች ብረት ካገኘህ ግን ማርሹ ይፈታ፣ መንገደኛ አትጫንበት።

አዲሱን ከታችኛው ቀዳዳ በቀስታ ግፋው፤ ከላይኛው ቀዳዳ አረፋ የሌለው ዘይት እስኪወጣ ድረስ። ከላይ ካፈሰስህ አየር ውስጥ ይታፈንና ሳይሞላ የሞላ ይመስልሃል። ሲሞላ የላይኛውን ብሎን ቀድመህ ዝጋ፤ አየር ስለማይገባ ከታች የሚፈስስህ ጥቂት ጠብታ ብቻ ነው። ከዚያ የታችኛውን ፈጥነህ ዝጋ። የብሎኖቹን ሮንዴላዎች በየጊዜው አዲስ አድርግ። በአሮጌ ሮንዴላ የገባ ውሃ ኩሽኔታ ይበላል።

8. ማኪያቶ የመሰለ ዘይት ካየህ ዘይት ቀይረህ ብቻ አትሂድ።

ውሃው የገባበትን ፈልግ። ጣና ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው የናይለን መረብ ነው። ተቆርጦ የቀረ የአስጋሪ መረብ በፕሮፔለሩ ይጠለፍና ከኋላው በዘንጉ ላይ ይጠመጠማል፤ እየዞረ ይጠብቃል፣ ፓራዮሊዮውን ይቆርጠዋል። ከውጭ ምንም አይታይም፤ ጀልባዋም ትሄዳለች። ውሃ ግን በዚያች ስንጥቅ በየቀኑ ይገባል።

ስለዚህ የማርሽ ዘይት በቀየርህ ቁጥር ፕሮፔለሩን አውልቅ፣ ዘንጉን በጣትህ ዳስስ፣ ክሩን ካገኘህ እስከ መጨረሻው ልቀመው። ስትመልሰው ሮንዴላዎቹ በወጡበት ቅደም ተከተል ይግቡ፤ የዘንጉን ጥርስ ውሃ የማያጥበው ግራሶ ቀባው።

እምቦጭም አለ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ መታየት ከጀመረ ወዲህ፣ በተለይ በፎገራና በደንቢያ በኩል፣ የሚነዱት ችግሩን ያውቁታል። ሥሩ የማቀዝቀዣ ውሃ መግቢያውን ይደፍናል፤ ሞተሩ ይግላል፣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ያን ጊዜ የትኛውም ምርጥ ዘይት አያድንህም። ከሞተሩ ጎን የሚፈናጠረው ውሃ ከቀነሰ ሞተሩን አጥፋና መግቢያውን አጽዳ። ለሐኪምም ለሠርግም ብትቸኩል፣ አጥፋ።

9. የናፍጣ ሞተር ያለው ትልቅ ጀልባ ላይ ከተቀጠርህ፣

ለሞተሩ ብዙ ጊዜ 15-ደብሊው-40 የናፍጣ ዘይት ነው፤ ቶሎ መጥቆሩ አያስፈራህ፣ ጥላሸቱን አንሥቶ ስለያዘ ነው። ካምቢዮው ግን የራሱ ዘይት አለው። አንዳንዱ ቀዩን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፣ አንዳንዱ የሞተር ዘይት ይወስዳል፤ በላዩ ያለውን የብረት ጽሑፍ አንብብ። ፍሪሲዮን ያለበት ካምቢዮ ውስጥ የመኪና ዲፈረንሲያል ዘይት ብትጨምር ይንሸራተታል፣ ይቃጠላል።

10. ግራሶ ከሌለ መሪው ይደርቃል።

የመኪና ተራ ግራሶ በውሃ ይታጠባል፤ የጀልባ የሚለውን ግዛ። በሞተሩ መዞሪያና በመሪው ላይ ያሉትን የግራሶ መግቢያዎች አሮጌው ግራሶ ከነውሃው ተገፍቶ እስኪወጣ ድረስ ሙላ፤ የወጣውን ጥረግ።

11. ማሸጊያው የተነካ ቆርቆሮ አትግዛ።

በአሮጌ ዕቃ ዳግመኛ የሚሞላ ዘይት ገበያ ላይ አለ። ክዳኑ፣ ማሸጊያውና የደረጃው ጽሑፍ ያልተሟላበትን ነጋዴው ዘመድህም ቢሆን ተወው። ለመንገድ አንድ ሊትር ትርፍ የሞተር ዘይት፣ አንድ ቱቦ የማርሽ ዘይት፣ ሁለት ሮንዴላና አንድ ካንዴላ በደረቅ ሣጥን ይኑሩህ።

12. አሮጌውን ዘይት ሐይቁ ውስጥ አታፍስስ።

ከምትቀይርበት ዳርቻ አጠገብ እንስራዋን የምትሞላ ሴት አለች። ከዚያው የሚጠጣ ከብት፣ የሚዋኝ ልጅ፣ የሚራባ ዓሣ አለ። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ የገባው ዓለም ሁሉ ዋጋውን ስላወቀው ነው፤ እኛ ደግሞ የምንበላው ከእሱ ነው። ካርቡራተር ያለው ቱ ስትሮክ ከሚጠጣው ቤንዚንና ዘይት እስከ ሩብ የሚደርሰውን ሳያቃጥል ይተፋዋል፤ አቅም ሲኖርህ ወደ ፎር ስትሮክ ተሻገር። እስከዚያው የተቃጠለውን ዘይት ክዳን ባለው ጀሪካን አጠራቅም፤ በከተማው የሚገዙት አሉ። በጀልባዋ ሆድ ውስጥ ከውሃ ጋር የተንሳፈፈውንም ፖምፓ ከማስነሣትህ በፊት በጨርቅ ምጠጠው፤ ጨርቁንም ከጀሪካኑ ጋር ወደ ከተማ ይዘህ ውጣ።