ስብከት ሳይሆን ታሪክ፦ የፊልም ድርሰት እንዴት ይሠራል?



በዚህ እትም የማነሳው ርዕሰ ጉዳይ በክበቦቻችሁ አጫጭር ድራማና ቪዲዮ ለምትሠሩ ሁሉ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ፊልም ማየት የማይወድ ወጣት የለም ማለት ይቻላል። ፊልሙ እንዴት እንደተጻፈና እንዴት እንደተዘጋጀ ግን ብዙዎቻችን ልብ አንልም። ውጤቱም በየክበቡ የምናየው ነው። ልጁ በመጀመሪያው ትዕይንት ጭፈራ ቤት ይሄዳል፣ በሁለተኛው ከአንዲት ልጅ ጋር ይተዋወቃል፣ በሦስተኛው ያስላል፣ በአራተኛው ይሞታል። ከዚያ ሐኪሙ ወይም አባትየው ወደ ካሜራው ዞሮ ምክር ይለግሳል። አለቀ! ተመልካቹስ? ምክሩ ሳይጀመር እሱ የራሱን ወሬ ጀምሯል።

እኔ የፊልም ባለሙያ አይደለሁም። ዩኒቨርሲቲ ያጠናሁት ሶሲዮሎጂ ነው፤ የምሠራው ደግሞ በማኅበራዊ ሠራተኛነት ከወጣቶች ጋር ነው። ከሥራዬ አንዱ በወጣት ማዕከል ፊልም አሳይቶ ውይይት መምራት ስለሆነ፣ የትኛው ታሪክ ወጣቱን እንደሚይዘውና የትኛው እንደሚያስተኛው በቅርብ የማየት ዕድል አለኝ። ከዚህና ካነበብኩት ተነስቼ ዋና ዋናዎቹን ነጥቦች ላካፍላችሁ።

ታሪክ ከምን ይነሳል?

ብዙ ጊዜ ድርሰታችንን የምንጀምረው ከመልእክቱ ነው። «ስለ ምርመራ እንጻፍ»፣ «ስለ መገለል እንጻፍ» እንላለን። ጥሩ የፊልም ጸሐፊ ግን ከሰው ይጀምራል። ሦስት ጥያቄዎችንም ያነሳል። ይህ ሰው አጥብቆ የሚፈልገው ምንድን ነው? የሚያግደውስ? ሲጨንቀው የቱን ይመርጣል? ፍላጎት፣ እንቅፋት፣ ምርጫ። የታሪክ አጥንቱ ይኸው ነው።

ለምሳሌ «የስተርዴይ» የተባለውን የደቡብ አፍሪካ ፊልም እንመልከት። ትርጉሙ «ትናንት» ማለት ሲሆን የዋናዋ ገጸ ባህርይም ስም ነው። ጽፎ ያዘጋጀው ዳረል ሩት ነው፤ መሪ ተዋናይቷ ሌሌቲ ኩማሎ ናት። በዙሉ ቋንቋ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ሲሆን በ2005 በውጭ ቋንቋ ፊልሞች ዘርፍ ለኦስካር ሽልማት ታጭቶ ነበር።

የስተርዴይ በገጠር የምትኖር እናት ናት። ባሏ ጆሃንስበርግ ማዕድን ማውጫ ውስጥ ይሠራል። ስትታመም ትንሽ ልጇን ይዛ ብዙ ሰዓት በእግሯ ተጉዛ ክሊኒክ ትደርሳለች፤ ተራው ሳይደርሳት ቀኑ ያልቅና «በሌላ ሳምንት ተመለሺ» ትባላለች። እስቲ አስቡት፤ ስለ ጤና አገልግሎት እጥረት አንድም ሰው ንግግር አላደረገም። ግን ያንን ሰልፍ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፣ ያንገበግበዋልም። ቫይረሱ በደሟ ውስጥ እንዳለ ስታውቅ ፍላጎቷ ግልጽ ይሆናል፦ ልጇ ትምህርት ቤት ስትገባ ለማየት መኖር። ምን ያህል ቀላል፣ ምን ያህልስ ከባድ ፍላጎት ነው!

እንቅፋቶቹ ደግሞ ይደራረባሉ። ባሏ ነገሩን ስትነግረው ይደበድባታል። በኋላ እሱ ራሱ ታሞ ወደ ቤት ሲመጣ የመንደሩ ሰው ይፈራል፣ ያገላቸዋል፤ ሆስፒታልም አልጋ ይጠፋል። እዚህ ላይ ታሪኩ ትልቁን ጥያቄ ያቀርብላታል፦ የደበደባትን ሰው ታስታምመዋለች ወይስ ትተወዋለች? እሷ ከመንደሩ ወጣ ብላ በውዳቂ ቆርቆሮ ቤት ሠርታ ታስታምመዋለች። «መልካም ሴት ናት» ብሎ የነገረን የለም። በምርጫዋ ራሳችን አወቅናት። ሰው በአፉ ሳይሆን ሲቸግረው በሚመርጠው ነገር ይታወቃል፤ ገጸ ባህርይም እንደዚያው ነው።

በቃል ሳይሆን በሥዕል

ሁለተኛው ትምህርት የዳይሬክተሩ ነው። ከ100 ዓመት ገደማ በፊት ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለ ሩሲያዊ የፊልም ሰው አንድ ሙከራ አድርጎ ነበር። ምንም ስሜት የማይነበብበትን የአንድ ተዋናይ ፊት ወስዶ አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን፣ አንዴ ደግሞ ከሌላ ምስል ጋር አከታትሎ አቀናበረው። ተመልካቾች ፊቱ ላይ ረሃብም ሐዘንም አየን አሉ ይባላል። ፊቱ ግን ያው አንድ ፊት ነበር! ይህ የሚያስተምረን ስሜት የሚፈጠረው ተዋናዩ ስላለቀሰ ብቻ ሳይሆን፣ ሁለት ምስሎች ጎን ለጎን ሲመጡ ተመልካቹ በራሱ ልብ ስለሚያገናኛቸው መሆኑን ነው።

ስለዚህ ገጸ ባህርያችሁ «ለመመርመር በጣም ፈርቻለሁ» እንዲል አታድርጉት። ይልቅ ምርመራ ክፍሉ በር ላይ አስቀምጡት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ፖስተር ለሦስተኛ ጊዜ ያንብብ። ተራው ሲደርስ ከኋላው ላለው ሰው «ግዴለም፣ አንተ እለፍ፤ እኔ አልቸኩልም» ይበል። ፍርሃቱን ስሙን ሳትጠሩት አሳያችሁ ማለት ነው። ያ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ተመልካች ደግሞ «እኔን ነው!» ይላል።

ልብ ሰቀላ

በትምህርት ቤት «ልብ ሰቀላ» ሲባል ሰምታችኋል። የዚህ ጥበብ ጌታ የሚባለው ዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1962 ከፈረንሳዊው ዳይሬክተር ፍራንሷ ትሩፎ ጋር ባደረገው ረጅም ቃለ ምልልስ አንድ ምሳሌ ሰጥቷል። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው እያወሩ ሳለ ድንገት ቦንብ ቢፈነዳ ተመልካቹ ለጥቂት ሰከንድ ይደነግጣል። ቦንቡ ከጠረጴዛው ሥር መቀመጡን ተመልካቹ አስቀድሞ ካወቀና ሰዎቹ ካላወቁ ግን፣ ያ ተራ ወሬ ሁሉ እስከ መጨረሻው ልብ ሰቅሎ ይይዛል።

ይህን ወደ እኛ እናምጣው። ሽማግሌዎች ልጅቷን ሊጠይቁ ተቀምጠዋል። ቡና ይፈላል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዘመድ አዝማድ ይወራል። ልጁ ከወር በፊት ተመርምሮ ውጤቱን ማወቁንና ለእጮኛው እስካሁን አለመንገሩን የምናውቀው እኛ ተመልካቾች ብቻ ነን። አባትየው «መቼም ልጃችን ምንም አይደብቃትም» ሲሉ ያ ተራ ቃል ልብ ላይ ይወድቃል።

እዚህ ጋ ግን ጥንቃቄ! ከጠረጴዛው ሥር ያለው ቦንብ ልጁ አይደለም፣ ቫይረሱም አይደለም። ዝምታው ነው። ሰውየውን ራሱን አስፈሪ አድርጋችሁ ከሳላችሁት ልብ ሰቀላው ወደ መገለል ይለወጣል። ዝምታውን አስፈሪ ካደረጋችሁ ግን ተመልካቹ «ኧረ ንገራት!» እያለ ይጠብቃል። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ፍጹም ጥሩና ፍጹም ክፉ አይበቃም

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሚጌል ሳቢዶ የተባለ የሜክሲኮ የቴሌቪዥን ባለሙያ ተከታታይ ድራማን ለማኅበራዊ ለውጥ የመጠቀም ዘዴ ቀይሶ ነበር። በ1975 የጀመረው «ቬን ኮንሚጎ» («ከእኔ ጋር ና» እንደማለት ነው) የጎልማሶችን ትምህርት የሚመለከት ሲሆን፣ ትምህርት መማሪያው ጽሑፍ የሚገኝበት ቦታ በድራማው ውስጥ በተነገረ ማግስት በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወደዚያ ጎርፏል።

ምሥጢሩ ምንድን ነው? ሳቢዶ ገጸ ባህርያቱን በሦስት ይከፍላቸዋል፦ ጥሩ አርአያ፣ መጥፎ አርአያ፣ እና በመካከላቸው የሚዋልል ሰው። ዋናው ሦስተኛው ነው። ይሞክራል፣ ይወድቃል፣ ያፍራል፣ ደግሞ ይነሳል። ተመልካቹ ራሱን የሚያየው በእሱ ውስጥ ነው። ፍጹም የሆነችዋን ልጅ «እሷማ እሷ ናት» ብለን እናልፋታለን፤ ክፉውንም «እኔ እንደሱ አይደለሁም» እንለዋለን። የሚዋልለውን ግን ልናመልጠው አንችልም።

በአገራችንም ይህን ዘዴ የተከተለው «የቀን ቅኝት» የሬዲዮ ድራማ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም በኢትዮጵያ ሬዲዮ በ257 ክፍሎች መተላለፉን ታላላቆቻችሁ ያስታውሳሉ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የአድማጭን ጆሮ የያዘው ምክር ሳይሆን «ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን?» የሚለው ጉጉት ነው።

መጨረሻው የማን ነው?

አሁን ከሁሉ የሚበልጥብኝ ነጥብ ላይ ደረስን። አንድ ጊዜ በአንድ ማዕከል የወጣቶች ቡድን የሠራውን አጭር ፊልም አሳየን። ቫይረሱ ያለበት ገጸ ባህርይ ከስቶ፣ ተጥሎ፣ ብቻውን ሞተ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሲበተን መድኃኒቱን በሥርዓት የሚወስድ አንድ ወጣት ቆይቶ «እኔ ሞቼ ነው የተጨበጨበው» አለኝ። ምን ልበለው? በአዳራሹ ውስጥ ውጤቱን ለመስማት እያቅማማ የነበረ ሌላ ወጣት ቢኖርስ፣ ያንን መጨረሻ አይቶ ወደ ምርመራ ይሄዳል ወይስ ይሸሻል?

«የስተርዴይ» ሲሠራ መድኃኒቱ ለደቡብ አፍሪካ ገጠር ሕዝብ ገና አልደረሰም ነበር፤ ሐዘኑ የጊዜው እውነት ነው። በእኛ አገር ግን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው ሠርቶ፣ አግብቶ፣ ወልዶ ረጅም ዕድሜ ይኖራል። የቫይረሱ መጠን በምርመራ ወደማይታይበት ደረጃ ወርዶ እዚያው የጸና ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ለሌላ አያስተላልፍም። እናት ክትትል ካደረገች ከቫይረሱ ነጻ የሆነ ልጅ መውለድ ትችላለች። ታዲያ ዛሬ «ተያዘ፣ ሞተ» ብሎ መጨረስ የታሪክ ድክመት ብቻ ሳይሆን ሐሰትም ነው። ሕመምን ቅጣት አድርጎ መጻፍ ለጸሐፊው ይቀላል፤ ለታማሚው ግን ሁለተኛ ሕመም ነው። «ታዲያ ምን ያስፈራ?» ካላችሁ፣ ሳይመረመሩ መቆየት አለ፣ መድኃኒት ማቋረጥ አለ፣ ለሚወዱት ሰው መንገር አለ፣ ተነግሮ መገለል አለ። ለድራማ የሚሆን ግጭት ሞልቷል።

ለክበባችሁ ስድስት ምክሮች

1. ታሪኩን መጀመሪያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፦ ማን፣ ምን ፈልጎ፣ ምን አገደው? በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልተባለ ገና አልበሰለም።

2. ምልልስ ከመጻፋችሁ በፊት ትዕይንቶቹን በቅደም ተከተል ዘርዝሩ። አንዱ ቢወጣ ታሪኩ ካልተናጋ አውጡት።

3. በተለመደው የፊልም ድርሰት አጻጻፍ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ለአሥር ደቂቃ ፊልም አርባ ገጽ አትጻፉ።

4. ምልልሱን ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት። እንደ ዜና ከመሰለ ሰው እንደዚያ አያወራምና አስተካክሉት።

5. ድርሰቱን ለጤና ባለሙያና ቫይረሱ በደማቸው ለሚገኝ ወገኖች ማኅበር አስነብቡ። የምታውቁትን ሰው ሕይወት ሳታስፈቅዱ አትውሰዱ፤ ስም ቢቀየርም በትንሽ ከተማ ሰው ሰውን ያውቃል።

6. ለጥቂት ሰዎች አሳይታችሁ «ወደዳችሁት?» ሳይሆን «የት ላይ ሰለቻችሁ? ራሳችሁን በማን አያችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ውድ ወጣቶች፣ ካሜራ ዛሬ በየኪሳችን አለ። የሚጎድለው ሰውን በጥሞና ማየት ነው። ፊልም ስትሠሩ ከተመልካቾቹ መካከል ዛሬ ውጤቱን የሰማ አንድ ሰው በጨለማው ውስጥ ተቀምጧል ብላችሁ አስቡ። ለእሱ የማታፍሩበትን ታሪክ ከሠራችሁ ለሌላውም ይበቃል።

ቸር እንሰንብት!