ውሳኔ ከታች፣ ደስታ ከላይ

የእህቴ ልጅ፣ ትምህርት ሲዘጋ ከጓደኞችሽ ጋር ቨርጂኒያ ውስጥ ዶዝዌል ድረስ ሄደሽ፣ ኪንግስ ዶሚኒየን ፓርክ ያለው ረጅሙ ሮለር ኮስተር ላይ ልትወጪ መሆኑን እናትሽ ነገረችኝ። እ.ኤ.አ. በ2010 ኢንቲሚዴተር 305 ተብሎ የተከፈተው ነው፤ ከፍታው 93 ሜትር፣ ፍጥነቱ በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። እናትሽ እንድከለክልሽ ፈልጋ ነበር። እኔ ግን ረጃጅሞቹን እወዳቸዋለሁ፤ አንቺም ብትወጂያቸው ደስ ይለኛል። አደራ የምልሽ አንድ ነገር ነው፦ ባቡሩ ከተነሣ በኋላ የምትወስኚው ነገር አይኖርም፤ መወሰን ያለበትን ሁሉ እግርሽ መሬት ሳይለቅ ወስነሽ ጨርሺ።

1. የምትወጪበትን ነገር እወቂው። ባቡሩ ሞተር የለውም። ገመድ ጎትቶ ጫፍ ላይ ያደርሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስኬደው የመሬት ስበት ነው። ለምሳሌ ኦሃዮ ሳንደስኪ ውስጥ ሲዳር ፖይንት ፓርክ የሚገኘው ሚሌኒየም ፎርስ የተባለው ሮለር ኮስተር 94 ሜትር ከፍታ ይዞ በ2000 ሲከፈት ፍጥነቱ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ያን ፍጥነት የሰጠው 91 ሜትሩ ቁልቁለት ነው። ፍጥነቱን እጥፍ ለማድረግ ቁልቁለቱ አራት እጥፍ መሆን አለበት። ነፋስና የጎማ ሰበቃ በመንገድ ላይ ጉልበቱን ስለሚበሉት፣ ተከታዮቹ ዳገቶች ከመጀመሪያው ያንሳሉ። መንኮራኩሮቹ ደግሞ ሐዲዱን ከላይ፣ ከጎንና ከሥር ይዘውታል፤ ሽቅብ ሲወረወር የሚያስቀረው የሥረኛው ነው። መጨረሻ ላይ ፍጥነቱን የሚቀንሰው የማግኔት ፍሬን ያለ ኤሌክትሪክ ይሠራል፤ መብራት ቢጠፋም ባቡሩን ያዘገየዋል። ይህን ያወቀ ሰው የሚፈራውን ነገር ለይቶ ይፈራል።

2. በደረጃ ውጪ። እዚያው ፓርክ ከ1975 ጀምሮ ያለ የእንጨት ሮለር ኮስተር አለ፤ ዛሬ ሬሰር 75 ይሉታል። ከሱ ጀምሪ። ሰውነትሽ ከወንበር መነሣትን፣ ሆድ ባዶ የሆነ ያህል መሰማትን እዚያ ይለማመዳል። ትልቁ ላይ ስትደርሺ አዲስ የሚሆንብሽ ከፍታውና ፍጥነቱ ብቻ ይሁን።

3. ምግብና ውሃ አትርሺ። ጠግበሽ አትውጪ፤ ባዶ ሆድሽንም አትውጪ። ቀለል ያለ ነገር ቀደም ብለሽ ብዪ፣ ውሃ ጠጪ። ሐሳባችሁ ነሐሴ ላይ በፍልሰታ ጾም ከሆነ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምሺ በዚያ ሙቀት ሰልፍ ላይ ቆመሽ ከምትወጪ ቀኑን ለውጪው። ውሃ ያጣ ሰውነት ቶሎ ራሱን ይስታል።

4. ሕመምሽን አትደብቂ። መግቢያው ላይ የተለጠፈው ማሳሰቢያ ልብን፣ ደም ግፊትን፣ አንገትንና ጀርባን፣ እርግዝናን የሚጠቅሰው በምክንያት ነው። የምታውቂው ነገር ካለ መጀመሪያ ሐኪም ጠይቂ። ጓደኞችሽም እንዲሁ ያድርጉ።

5. ኪስሽን አራግፊ። በዚያ ፍጥነት ከእጅ ያመለጠ ስልክ ሰው ይጎዳል። ሻርፕ፣ ኮፍያና የሚንጠለጠል የጆሮ ጌጥ ታች ለሚቀር ሰው ስጪ ወይም ሣጥን ውስጥ ቆልፊ። ማተብሽን ከሸሚዝሽ ሥር አስገቢው።

6. ማገጃው ላይ አትቸኩዪ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ወንበርሽ ላይ ጀርባሽን አስደግፈሽ ተቀመጪ፣ ማገጃውን ጭንሽ ላይ እስኪጠብቅ ድረስ ሳቢው፤ ሠራተኛው መጥቶ ሳይነካው አይበቃኝም በዪ። ከተጠራጠርሽ እጅሽን አንሥተሽ ጥሪው። ሰልፉ ረጅም ነው ብለሽ አትፈሪ፤ ሥራው ነው።

7. ወንበር ምረጪ። ፊት የተቀመጠ ሰው የሚመጣውን ሁሉ ያያል፤ ነፋሱም የሱ ነው። ከኋላ ያለው ግን የፊተኞቹ ፉርጎዎች ቀድመው ስለሚወርዱ ጫፉን በፍጥነት ተጎትቶ ያልፋል፤ ከወንበሩም ይበልጥ ይነሣል። ለመጀመሪያ ጊዜሽ ፊት ተቀመጪ።

8. ከጫፉ ወዲያ ራስሽን ስጪው። ገመዱ ፈጥኖ ያወጣሻል። ጫፍ ላይ ጫካውንና አውራ ጎዳናውን ታያለሽ፤ ከዚያ ሐዲዱ ከዓይንሽ ይሰወራል፣ ምክንያቱም ቁልቁለቱ ቀጥ ያለ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ያን ጊዜ ዓይንሽን አትጨፍኚ። ራስሽን ከመደገፊያው አታላቅቂ፤ ትንፋሽሽን አትያዢ፣ ጩኺ፤ መጮህ ራሱ ያስተነፍሳል። ታች ስትደርሺ ባቡሩ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ አንድ ሰው ትከሻሽ ላይ የተቀመጠ ያህል ትከብጃለሽ። ደም ወደ እግር ስለሚወርድ የዓይንሽ ዳር ዳር ግራጫ ሊሆንና ሊጨልም ይችላል። በተከፈተበት ዓመት ይህ ስለበዛ ፓርኩ ባቡሩን በፍሬን አዝግሞት ነበር፤ ለቀጣዩ ዓመት ደግሞ መታጠፊያውን አስፍቶ ሠራው። አሁንም ቢሆን መታጠፊያው ሳይደርስ የእግርሽንና የሆድሽን ጡንቻ አጥብቂ፣ አጠር አጠር አድርገሽ ተንፍሺ፤ የጦር አውሮፕላን አብራሪዎችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ቀጥሎ ባሉት ኮረብታዎች ላይ ከወንበርሽ ስትነሺ ደግሞ ጡንቻሽን ልቀቂ። ሆድሽ ውስጥ የሚሰማሽ ነገር ሰውነትሽ ከነአካላቱ አብሮ መውደቁ ነው። ብትታገይው ያምሻል፤ ብትለቂለት ያስቅሻል። ለዚች ቅጽበት ነው ሰው ሁሉ ሰልፍ የሚቆመው።

9. ያየሽውን ተናገሪ። በ2023 ከሻርለት አጠገብ ካሮዊንድስ በሚባለው ፓርክ፣ 99 ሜትር ከፍታ ባለው ፊዩሪ 325 ላይ፣ አንድ ምሰሶ መሰንጠቁን ያየው ጎብኚ ነው። ሰውየው ዝም አላለም፤ ሮለር ኮስተሩ ተዘግቶ ምሰሶው ተለወጠ፣ ነሐሴ ላይም እንደገና ሥራ ጀመረ። እንግዳ ነኝ ብለሽ ዝም አትበዪ። በነፋስ ወይም በመብረቅ ምክንያት ቢዘጉባችሁም አትማረሩ፤ የሚዘጋ ፓርክ ሥራውን የሚያውቅ ፓርክ ነው።

10. ማንንም አትገፊ። ከጓደኞችሽ መካከል ሰልፉ ጫፍ ላይ ደርሳ እግሯ እምቢ የሚላት ትኖራለች። መውጫ በር እዚያው አለ፤ በዚያ በኩል መመለስ አያሳፍርም። አትሳቁባት፣ ቪዲዮ አትቅረጿት፣ «ምንም አይደል» እያላችሁ እጇን አትሳቡ። ውሳኔ መሬት ላይ ያልቃል ያልኩሽ ለእሷም ነው፤ አልወጣም ያለችም ወስናለች። አንቺም እዚያ ስትደርሺ ልብሽ እምቢ ካለሽ፣ ስለ እኔ ብለሽ እንዳትወጪ።