የተጎዳ ነርቭ ይጠገናልን?

በቋንቋችን «ጅማት» ስንል አንዳንድ ጊዜ ሁለት ነገሮችን እንቀላቅላለን። ጅማት ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዝ ገመድ ነው። ነርቭ ግን የአንጎልን ትእዛዝ ወደ ጡንቻ፣ የቆዳንም ስሜት ወደ አንጎል ያደርሳል።

የእጅ ነርቭ በስለት ቢቆረጥ ከቁርጡ በታች ያሉት ክሮች ይሞታሉ፤ ከበላይ ያሉት ግን በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል ያድጋሉ። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ መሸጋገሪያ ድልድይ ያሻቸዋል። ለዚህም ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ ከሕመምተኛው ባት ቀጭን የስሜት ነርቭ ወስዶ ይተክላል፤ ሕመምተኛውም በእግሩ ጠርዝ ስሜት ያጣል። ከሞተ ለጋሽ ተወስዶ፣ ሰውነት እንዳይቃወመው ሕዋሳቱ የተወገዱለት ነርቭም በአንዳንድ አገሮች ይተከላል። ለጋሹ ፈቅዶ እንደሆነ ከሞት በኋላ አካልን መለገስ ክቡር ተግባር መሆኑን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2296 ያስተምራል።

ይሁን እንጂ ድልድይ የማይጠግነው ጉዳት አለ። በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ነው። የዚህ በሽታ ተሕዋስ ነርቭን የሚጎዳው እንደ ስለት በአንድ ቦታ ሳይሆን በረጅም ርቀት ስለሆነ፣ ነርቭ መትከል ብዙም አይረዳም። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሞች የጤነኛ ጡንቻን ጅማት አዛውረው የታጠፉትን ጣቶች እንዲዘረጉ ያደርጋሉ። እንቅስቃሴው ይመለሳል፤ ስሜቱ ግን አይመለስም። እንዲህ ያለ ሰው የጋለ ጀበና ይዞ እጁ ሲቃጠል አይሰማውም።

ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ጥገና በጊዜ መድረስ ነው። የነርቩ ጉዳት 6 ወር ያልሞላው ከሆነ ፕሬድኒዞሎን በሚባለው መድኃኒት ሊሻሻል ይችላል፤ ተሕዋሱን የሚገድሉት መድኃኒቶችም በነፃ ይሰጣሉ። ሕክምና የጀመረ ሰው በሽታውን ወደ ሌላ አያስተላልፍም።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፤ በየቤቱ ስትጎበኙ ቀለሙ የፈዘዘና ሲነኩት የማይሰማው የቆዳ ምልክት፣ ወይም እየደከመ የሚሄድ ጣት ብታዩ፣ ሰውየውን ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ምሩት። ብዙዎች የሚደበቁት ስድቡንና መገለሉን ፈርተው ነው፤ ተደብቀው የሚያሳልፏቸው ወራት ደግሞ እጃቸው ሊድንባቸው የሚችሉት ወራት ናቸው። ስድቡን ከአንደበታችን፣ መገለሉን ከመካከላችን ብናስወግድ፣ ሐኪም መልሶ ሊሰጥ የማይችለውን ስሜት አስቀድመን እናድናለን።