የስልት ፓሮዲ ዘፈኖችን ምንጭ ስለ መለየት፦ ከያንኮቪክና ከሩትልስ ሥራዎች በመነሣት

በአስቂኝ ዘፈኖች ጥናት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ብዙ ጊዜ ተቀላቅለው ይታያሉ። አንደኛው የታወቀ ዘፈን ዜማ እንዳለ ተወስዶ ግጥሙ ብቻ በቧልት የሚተካበት ነው። ሌላው ዜማውም ግጥሙም አዲስ ሆኖ ሳለ የአንድን ሙዚቀኛ ወይም ባንድ አጠቃላይ የአሠራር ጠባይ የሚመስል ሥራ ሲሆን፣ በዚህ ጽሑፍ «የስልት ፓሮዲ» ተብሎ ይጠራል። የመጀመሪያውን ምንጭ ለማወቅ ዜማውን መስማት ይበቃል። በሁለተኛው ግን ጣት የሚቀሰርበት አንድ ዘፈን ስለሌለ፣ «ይህ እገሌን ይመስላል» የሚለው ፍርድ ራሱ ማስረጃ ይጠይቃል። ማስረጃው ምን ዐይነት መሆን አለበት? (ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ለጥያቄው አመቺ መነሻ የሚሆነው አሜሪካዊው «ዊርድ አል» ያንኮቪክ ነው። ከ1983 እስከ 2014 ባወጣቸው 14 የስቱዲዮ አልበሞች ከቀጥታ ፓሮዲዎቹ ጎን ለጎን በርካታ የስልት ፓሮዲዎች ይገኛሉ። በ1985 የወጣው «ዴር ቱ ቢ ስቱፒድ» (ቂል ለመሆን ድፈር እንደ ማለት ነው) የዴቮን ባንድ ስልት እንደሚከተል በሰፊው ይታወቃል። ይሁንና ብዙዎች ለዚህ በቅድሚያ የሚጠቅሱት የሲንተሳይዘር ድምፅ ብቻውን ምንም አያስረዳም፤ በዚያ ዘመን ሲንተሳይዘር የማይጠቀም የፖፕ ባንድ ማግኘት ነበር የሚከብደው። ክብደት ያለው ማስረጃ የሚገኘው ከዘመኑ የጋራ ሀብት ውጭ ነው፦ እንደ ማሽን የሚቆራረጠው ምት፣ ከማዜም ይልቅ ወደ ዐዋጅ ንባብ የሚጠጋው ድምፅ፣ እንዲሁም የማስታወቂያ መፈክርንና የተለመደ ምክርን እየገለበጡ እንደ ትእዛዝ የመደርደር ልማድ። የሰው ልጅ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው የሚለው የዴቮ መሠረታዊ ሐሳብም ቂልነትን እንደ በጎ ምግባር በሚሰብከው ግጥም ውስጥ ይሰማል። እያንዳንዱ ምልክት ለብቻው ደካማ ነው፤ ከአንድ ምንጭ በቀር በሌላ ቦታ አብረው የማይገኙ ምልክቶች በአንድ ዘፈን ሲገናኙ ግን ፍርዱ ይጠነክራል። የባንዱ መሥራች ማርክ ማዘርስባው ያንኮቪክ እርሱ ራሱ ሲፈልገው የነበረውን ድምፅ እንዳገኘው፣ አድናቆትና ቅናት በተቀላቀለበት ቃል መናገሩም የታወቀ ነው።

በ2003 የወጣው «ቦብ» ጉዳዩን አንድ እርምጃ ይወስደዋል። ከአፍንጫ የሚወጣው ድምፅና ሃርሞኒካው ቦብ ዲላንን ያመለክታሉ፤ ይህን ማንም ይሰማዋል። ጥበቡ ያለው በግጥሙ አሠራር ላይ ነው። ስንኞቹ በሙሉ በላቲን ፊደል ከፊትም ከኋላም ሲነበቡ አንድ የሆኑ ሐረጎች ናቸው። እንዲህ ያለ ሐረግ የፊደል ሥርዐቱን ስለሚታዘዝ ትርጉሙ መዘባረቁ አይቀርም፤ የሚዘባረቀው ትርጉምም የዲላንን ስንኞች ሰምቶ ምሥጢራቸውን መፍታት ያቃተውን አድማጭ ስሜት ይፈጥራል። ስለዚህ የተመሰለው ዲላን የጻፈበት ዘዴ ሳይሆን ጽሑፉ በአድማጭ ላይ የሚያሳድረው ስሜት ነው። ርእሱም ቢሆን የዲላን ስምና ከሁለቱም ወገን የሚነበብ ቃል በአንድነት ነው። (በእኛ ፊደል ሲጻፍ ጨዋታው ይፈርሳል፤ «ቦ» እና «ብ» ቦታ ሲለዋወጡ ሌላ ቃል ይሆናሉና።) ለዘፈኑ የተሠራው ፊልምም «ዶንት ሉክ ባክ» በተሰኘው የ1967 ዘጋቢ ፊልም መክፈቻ ላይ ዲላን ቃላት የተጻፉባቸውን ካርቶኖች እያሳየ የሚጥልበትን ትዕይንት ይከተላል።

የውጭ ምስክርነት ጠቃሚ ነው፤ ሚናው ግን መለየት አለበት። የዶርስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ሬይ ማንዛሬክ በ2009 «ክሬግስሊስት» ዘፈን ላይ መጫወቱ የደራሲውን ሐሳብ ያረጋግጣል። ዘፈኑ መስሏል ወይስ አልመሰለም የሚለውን ግን አይወስንም፤ እርሱ የጆሮ ሥራ ሆኖ ይቀራል።

ምንጩን መለየት ለትርጉም ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ በ2014 የወጣው «ሚሽን ስቴትመንት» ያሳያል። ግጥሙ የትልልቅ ኩባንያዎች የስብሰባ ቋንቋ ክምችት ነው። የክሮስቢ፣ ስቲልስና ናሽን ኅብረ ዜማ የማያውቅ አድማጭ በቢሮ ቋንቋ ላይ የተሠራ ስላቅ ብቻ ይሰማል፤ የሚያውቀው ግን የ1960ዎቹን የተቃውሞ ትውልድ ድምፅ ያ ትውልድ ለተቃወመው ሥርዐት ሲያዜም ያገኘዋል። የዘፈኑ ስላቅ የተቀመጠው በዚህ ቅራኔ ላይ ስለሆነ፣ ምንጩን ያልለየ ጥናት ስለ ይዘቱ የሚሰጠው ትንታኔ ጎደሎ ነው።

ጉዳዩ ከትርጓሜም አልፎ ወደ ገንዘብና ሕግ ሊደርስ ይችላል። ኒል ኢነስ በ1978 ለታየው የሩትልስ ፊልም የጻፋቸው ዘፈኖች የቢትልስን ስልት የሚከተሉ ሲሆኑ፣ የድሮ ቅጂዎችን ዳግመኛ ሳያዳምጥ ከትዝታው እንደጻፋቸው ተናግሯል። የቢትልስን ዘፈኖች መብት የያዘው ኤቲቪ ሙዚክ ግን ጥያቄ አነሣ፤ ጉዳዩም የገቢውን ድርሻ በማካፈል ተቋጨ። የቅጂ መብት ሕግ አንድን ሥራ እንጂ ስልትን አይጠብቅም ቢባልም፣ «ስልት» የሚያልቅበትና «ሥራ» የሚጀምርበት ወሰን በሙዚቃ ትንታኔ ካልሆነ በሌላ አይታወቅም። በኋላ ነገሩ ተገልብጦ፣ በ1994 የወጣው የኦኤሲስ «ዋትኤቨር» ከኢነስ የ1973 ዘፈን ጋር ባለው መመሳሰል ምክንያት ኢነስ በደራሲነት ስሙ ሊሰፍር በቅቷል።

የአገራችንን አስቂኝ ዘፈኖች ለሚያጠኑ ከዚህ የሚወሰድ ጥንቃቄ አለ። አንድ የቧልት ዘፈን በትዝታ ወይም በአንቺሆዬ ቅኝት መዜሙ የእገሌን ድምፃዊ ስልት ለመምሰሉ ማስረጃ አይሆንም፤ ቅኝቱ የሁሉም ሀብት ነውና። እንደ ሲንተሳይዘሩ ሁሉ በጋራ የተያዘውን ወደ ጎን ትቶ ድምፃዊው ቃላትን የሚያስረዝምበትን ቦታ፣ የድምፁን እርግብግብታ፣ የአዝማቹን አመላለስና የባንዱን ቅንብር መፈተሽ ያሻል።

እስካሁን የተባለው ግን ምንጩ የራሱ የጠራ ስልት እንዳለው ታሳቢ አድርጎ ነው። ፍራንክ ዛፓ ይህን ያፈርሰዋል። ያንኮቪክ በ2003 በሠራው «ጂኒየስ ኢን ፍራንስ»፣ ወደ ዘጠኝ ደቂቃ በሚጠጋ ርዝመቱ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው በድንገት እየዘለለ ዛፓን ይመስላል፤ የዛፓ ልጅ ድዊዚልም በመግቢያው ጊታር ተጫውቷል። ዛፓ ራሱ ግን በ1968 የ1950ዎቹን የዶ-ዋፕ ዘፈን የሚመስል ሙሉ አልበም ያወጣ፣ የሌሎችን ስልት መምሰልን የስልቱ አካል ያደረገ ሰው ነው። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ዘፈን ውስጥ የዶ-ዋፕ ቃና ቢሰማ ምንጩ ዶ-ዋፕ ነው ወይስ ዛፓ? የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሁለተኛውን ይመርጣል፤ ምክንያቱም ቃናው የተሰማው በዛፓ የአቆራረጥና የአገጣጠም ልማድ ውስጥ ነው። ይህ ምርጫ ግን የሚያዛልቀው አድማጩ ዛፓን ከዶ-ዋፕ ቡድኖቹ ጋር አስተያይቶ እስካዳመጠ ድረስ ብቻ ነው።