ርእሰ ጉዳይና ምልክት በቤኒሻንጉል የዓለት ሥዕሎች

በኢትዮጵያ የዓለት ላይ ጥበብ በብዛት ከሚታዩት ርእሰ ጉዳዮች አንዱ የቀንድ ከብት ነው። በድሬዳዋ አቅራቢያ በሚገኘው ለጋ ኦዳ ከብቶች ከሰዎች ጋር በቀለም ተሥለዋል፤ በዲላ አካባቢ በሚገኘው ሸፔ ደግሞ የከብት መንጋ በዓለት ላይ ተቀርጿል። ተመልካቹ በሁለቱም ሥፍራዎች የተሣለውን ነገር ለመለየት አይቸገርም።

በቤኒሻንጉል ጉዳዩ ሌላ ነው። ስፔናዊው የቅድመ ታሪክ ተመራማሪ ቪክቶር ፈርናንዴዝ በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በል አሽሸሪፉ እና በል በምበሽ የተባሉ ሁለት ባለሥዕል ሥፍራዎችን አስተዋውቀዋል። በእነዚህ ሥፍራዎች የሚያመዝነው ምልክታዊ አሣሣል ሲሆን፣ ከሥዕሎቹ አንዳንዶቹ በመካከለኛው አፍሪካ ከሚገኙት ጋር ይመሳሰላሉ። መልካቸው ብቻውን ርእሰ ጉዳያቸውን አይገልጥም። የትርጉም ፍንጭ የተገኘው ከቃል መረጃ ነው፤ መረጃ ሰጪዎች አንዳንዶቹ ሥዕሎችና የዓለት መጠለያዎች በቅርብ ዘመን ለዝናብ መለመኛ ሥርዓት ያገለግሉ እንደነበር ተናግረዋል።

ይሁን እንጂ የቅርብ ዘመን አገልግሎት የቀደምት ሠዓልያንን ሐሳብ አያረጋግጥም፤ የኋላ ትውልድ ለነባር ምልክት አዲስ ትርጉም ሊሰጥ ይችላል። በሌላ በኩል የበርታ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም በመሆኑ፣ የጥንቱ ሥርዓት ትዝታ በአረጋውያን ዘንድ ብቻ ሊወሰን ይችላል። ቀለሙ በዓለቱ ላይ ቢቆይም ቃሉ ከተናጋሪው ጋር ያልፋል። ስለዚህ በአሶሳና አካባቢዋ የሚደረግ የሥዕል ምዝገባ ምስሉን ከምስክርነቱ ጋር ማያያዝ፣ ማን ስለ የትኛው ምልክት መቼ እንደተናገረ ለይቶ ማስፈር፣ የተመልካቹንም ግምት ከተናጋሪው ቃል መለየት ይኖርበታል።